የጭሰኞቹ አቤቱታ

በደርግ ዘመን ዲላ አማርኛ ሳስተምር ለአብዮት በዓል ስለ ጭሰኞች ቲያትር አዘጋጀን። ገበሬዎቹ ለገዢው የሚያነቡትን አቤቱታ የጻፍኩት እኔ ነኝ። "ባላባቱ የቡናችንን እኩሌታ ወስዶ ለተሸከምንበት ቅርጫትም ያስከፍለናል" ይላል። ወረቀቱን አሮጌ ያስመሰለችው ደግሞ አብራኝ የምትኖረው የእጅ ሥራ መምህርት ናት። በቡና አተላ ነክራ፣ ጠርዙን በሻማ ለብልባ፣ ከስኳር ድንች የቀረጸችውን ማኅተም መታችበት።

በበዓሉ ዋዜማ ከአዲስ አበባ የመጣ ጋዜጠኛ ወረቀቱን መምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ አየው። በሁለት እጁ አንስቶ "አርባ ዓመት ያልፈዋል! ቀለሙ እንኳ አለመልቀቁ!" አለ። የጻፍኩት በእስክሪብቶ ነው።

"ይቅርታ ጓድ፣ እሱ እኮ..." ስል ዳይሬክተራችን እግሬን ረገጠኝና "ትምህርት ቤታችን ታሪክ በማሰባሰብ ይታወቃል" አለ። ደግ ሰው ነበር፤ እንግዳ ፊት ማፈር ብቻ አይችልም።

በሳምንቱ "ታሪካዊ ሰነድ በዲላ ተገኘ" ተብሎ ከነፎቶው ወጣ። ጓደኛዬ ማኅተሟን ጋዜጣ ላይ ስታይ አልጋው ላይ በሳቅ ተንከባለለች።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ከወርቃ ድረስ መጡ። ጋዜጣውን ሴት ልጃቸው አንብባላቸው ኖሯል።

"የአባቴን ደብዳቤ አሳይኝ" አሉኝ።

መዋሸት አቃተኝ። "አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።"

"የቅርጫቱንም?"

"የቅርጫቱንም። ሰው እንዲስቅ ብዬ ነው።"

ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "አባቴን አስከፍለውታል እኮ! በይ እንግዲህ እውነተኛውን ጻፊልኝ።"

ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እየነገሩኝ ጻፍኩ። የኔን ጥፋት የሚናዘዝ ደብዳቤ ጨምሬ ለጋዜጣው ላክሁት። መልሱ ለዳይሬክተሩ መጣ፤ "የሽማግሌው ታሪክ በሰነድ ስላልተደገፈ ለማተም እንቸገራለን።" ስለ ኑዛዜዬ ትንፍሽ አላሉም።

ሽማግሌው ለገበያ ሲመጡ አፍሬ ነገርኳቸው።

"ይተዉት። አንቺ አንብቢልኝ" አሉ።

ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ ቆዩና በድንገት ክንዴን ያዙኝ።

"ቆይ ልጄ፣ እናቴን ዘለልናት እኮ።"

አዲስ ገጽ ገለጥኩ።