የተዘጋው እጅጌ

የስፌት ቤቱ ሰዎች «እመት ቀስ በቀስ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ባለቤቱ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቁልፍ ስትተክልና ጠርዝ ስትዘመዝም አንድ ቀን እንኳ ከሌሎቹ እኩል ጨርሳ አታውቅማ! ከእሷ በኋላ የተቀጠሩት ሁሉ ጨርቅ ቆራጭ ሆኑ፤ እሷ የከርሞ ጥጃ ሆና ቀረች። አይከፋትም ነበር። «እጄ ድንጋይ ነው፤ ሲፈጥረኝ ነው፣ ምን ላድርገው?» ትላለች። ሰው ይስቃል፣ እሷም አብራ ትስቃለች። ሰው በራሱ ላይ የተነገረውን ውሸት ስንት ዘመን ተሸክሞ ይዞራል፣ ወይ ጉድ!

አምና በዚህ ጊዜ የስፌት ቤቱ ደረጃ አዳልጧት ወደቀችና የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ሐኪሙ በጀሶ ጠቅልሎ «ሁለት ወር እንዳትነኪው» አላት። ቤት መቀመጡ አላስችል አላት። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ ጥግ ያዘችና መርፌውን በግራ እጇ አነሳች፤ ሥራ ፈት እንዳይሏት ያህል ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ጣቷን ስትወጋ ሰነበተች። በሁለተኛው ሳምንት ግን እጇ መንገዱን አገኘና ሮጠ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የቀኑን ሥራ ጨርሳ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ አገኟት። ባለቤቱ መጣና ጠርዙን በጥፍሩ እየፈተሸ፣

«ማን ሰፋልሽ?» አላት።

«እኔው ነኛ።»

«ተይ እንጂ!» አለ።

ስድስት ወር ሳይሞላ የግራ እጅ መቀስ ገዝታ ከቆራጮቹ ጠረጴዛ ቆመች። ሳይደግስ አይጣላም አሏት።

ታዲያ ደስታው አልበረከተላትም። በደስታ ፋንታ ንዴት ገባባት። ልጅ ሳለች እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ግራ እጇን በጨርቅ ከወገቧ ጋር እያሰረች «በቀኝሽ ብዪ! በቀኝሽ ጻፊ!» ትላት ነበር። አሁን ጨርቁን ዘርግታ በጠመኔ እያሰመረች ታስባለች። ያቺ ሃምሳ ዓመት የኖረች ደነዝ ሴትዮ ማን ነበረች? እሷ እኔ ካልሆነች እኔስ የት ነበርኩ? ትላለች። እንቅልፍ አጣች፣ ከሟች ጋር ሙግት ገጠመች። ከሟች ጋር ተሟግቶ ማን ረትቶ ያውቃል?

ዓመቱ ሊሞላ ሲል አንድ ረፋድ የተማሪዎች ደንብ ልብስ ስትቆርጥ፣ አንዲት ትንሽ እጅጌ ላይ ስትደርስ መቀሷ ቆመ። ልጇ ትዝ አለቻት። ይህች አንድያ ልጇ ስምንት ዓመት ሲሆናት ግራ እጇን ማዘውተር ጀምራ ነበር። እሷም የልጅቷን ደንብ ልብስ ግራ እጅጌ፣ ጫፉን ከጫፉ ገጥማ፣ ሰፍታ ዘጋችው። እንዲህ ያለ ብልሃት ከሰፊ በቀር ለማን ይታየዋል? ያኔማ «እኔ እንደ እናቴ አላሰርኩም፣ ሰፋሁ እንጂ» ብላ ራሷን አመስግናለች። ወይ አምላኬ!

መቀሱ ስቶባት ጨርቁን አበላሸች። ባለቤቱ ፊቷን አየና፣ «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። መቀሱን እዚሁ ተዪና ቤትሽ ሄደሽ እረፊ» አላት። የሚስቅም የሚያዝንም ይመስል ነበር።

መንገዱን በሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የፈራችው። ልጄስ እንደ እኔ ሌላ ሰው ሆና ኖራ ይሆን? ያን አድርጌባት ከሆነ በምን አፌ ይቅር በይኝ እላታለሁ?

ልጇ አሁን ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፣ የሚኖሩትም አብረው ነው። የዕረፍት ቀኗ ነበርና ሾርባ ሠርታ ጠበቀቻት። ሁለት ጊዜ እንኳ ሳይቀምሱ እናት አላስችል አላት።

«ልጄ፣ ያ የተዘጋ እጅጌ ትዝ ይልሻል?»

ልጇ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ይለኛል።»

«እጅሽን ገደልኩብሽ። የእኔን እንደገደሉብኝ» አለችና እንባዋ ቀደማት።

«አልገደልሽውም። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ ስፌቱን በጥርሴ እፈታው ነበር። ስመለስ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ግንብ ሥር ቁጭ ብዬ፣ እጄን ከእጅጌው አውጥቼ መልሼ እሰፋዋለሁ። መርፌና ክር ከአንቺ የስፌት ዕቃ ቆርቆሮ ሰርቄ ኮሌታዬ ውስጥ ሰክቼ ነበር።»

«አንቺ ልጅ! በስምንት ዓመትሽ? በየትኛው እጅሽ?»

«በግራዬ ነዋ! አንቺማ እያየሽው ‹የእኔ ስፌት እኮ አይላላም› ትይ ነበር።» ልጇ ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም። «መሥሪያ ቤት የምጽፈው በግራዬ ነው። ባልደረቦቼ ሁሉ ያውቁኛል።»

«እኔስ?»

«አንቺ አታውቂኝም፣ እማዬ። ዓመቱን ሙሉ ስለ ግራ እጅሽ ስታወሪ፣ አሁን ትጠይቀኛለች፣ አሁን ትጠይቀኛለች እያልኩ ጠበቅኩሽ።»

ቂም ይዛ አይደለም የተናገረችው፤ የባሰውም እሱ ነው። ቂም ቢሆን እናት መልስ አታጣም ነበር።

«ይቅር በይኝ፣ የኔ እናት።»

ልጇ ተነሥታ ጉንጯን ሳመቻት። «ድሮ ይቅር ብዬሻለሁ። በይ ብዪ፣ ይቀዘቅዛል።»

«አንቺም በምትወጂው እጅሽ ብዪ እንግዲህ! እኔን ፈርተሽ ደግሞ!»

ልጇ ማንኪያዋን በግራ እጇ ይዛ አንዴ ቀመሰች፣ ሁለቴ ቀመሰች። ከዚያ ሳታስበው ወደ ቀኝ እጇ መለሰችው። እናቷ እያየቻት መሆኑን ስታውቅ አፈረች።

«እዚህ ቤት አልለመድኩትም» አለች።

እናት የራሷን ማንኪያ በግራ እጇ እንደያዘች፣ ሾርባዋ እስኪቀዘቅዝ ድረስ የልጇን ቀኝ እጅ ስታይ ቆየች።