የእማማ ነፊሳ ዕጣ

እሁድ ከሰዓት በኋላ አግዳሚ ወንበር በሲሚንቶ ወለል ላይ ሲጎተት ከሰማሁ፣ የትም ብሆን ልጅነቴ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል፤ ሲመጣም ብቻውን አይመጣም፣ ያኔ የነበረኝን ቅናት እንዳለ ይዞት ይመጣል። መርካቶ ስድስት ቀን ሙሉ በተሸካሚው ጩኸትና በጋሪው ኳኳታ ሲናወጥ ሰንብቶ እሁድ ሲሆን ፀጥ ይል ነበር፤ የሱቁ የብረት መዝጊያ ሁሉ ወርዶ፣ ከእህል በረንዳ እስከ ራጉኤል የአንድ ሰው ኮቴ እንኳ ለብቻው ይሰማ ነበር። በዚያ ፀጥታ ውስጥ ነው እንግዲህ አራት ቤተሰብ የምንጋራው ግቢ ውስጥ ሦስት አግዳሚ ወንበሮች እየተጎተቱ የሚደረደሩት። እኔም ድምፁን ስሰማ፣ እናቴ ዛሬም ልትወሰድብኝ ነው እል ነበር።

የሚወስዳት ክበቡ ነበር። ማኅተሙ ላይ የተጻፈ የነዋሪዎች የበጎ አድራጎት ምናምን የሚል ረጅም ስም ቢኖረውም ሰዉ «ክበቡ» ብቻ ነበር የሚለው። አባላቱ ሃያ ያህል ይሆናሉ፤ ቅመም ሻጭ፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ አንድ አስተማሪ፣ ሁለት ተሸካሚዎች፤ ግማሹ የራጉኤል ምዕመን፣ ግማሹ የአንዋር ሰጋጅ። እሁድ ስምንት ሰዓት ሲሆን ግቢያችን ይሰበሰቡና ሁሉም በየሃይማኖቱ ከጸለየ በኋላ ጥቂት ተነጋግረው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ጠያቂ የሌላቸው ደካሞች ቤት ይሄዳሉ፤ ልብስ ያጥባሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፣ ጥፍር ይቆርጣሉ፣ ያፈሰሰ ጣሪያ ይደፍናሉ። ሊቀመንበሯ እናቴ ነበረች። አባቴ እህል በረንዳ ጆንያ የሚነግድ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ እሁድ እግሩን ዘርግቶ ሬዲዮኑን እያዳመጠ «ሊቀመንበሯ፣ እኛስ ቤት ተራችን መቼ ነው?» እያለ ይቀልድባት ነበር። እሱ እየሳቀ ይለዋል እንጂ የኔ ጥያቄም ያው ነበር፣ እኔ ግን አልስቅም።

እናቴ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አንዋር አጠገብ ባለችው የቅመም ሱቋ ውስጥ ነበረች። ሳልነሳ ወጥታ፣ ማታ በርበሬና ኮረሪማ ሸትታ ትመጣና እራት አቅርባ እዚያው በተቀመጠችበት ታንቀላፋለች። ለኔ የቀረችልኝ እሁድ ብቻ ነበረች፣ እሷንም ክበቡ ወሰደብኝ። የሌላ ሰው ልጅ በወንድሟ ጫማ ወይም በጎረቤቷ አሻንጉሊት ትቀናለች፤ እኔ የቀናሁት በአግዳሚ ወንበር፣ በባልዲ፣ በማኅተም ነበር። አንድ ጊዜማ ጸሐፊው ጋሽ ሙዘይን የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ውሃ አፍስሼ፣ ሱሪያቸው ርሶ ሲነሱ በመስኮት አጮልቄ እያየሁ ሆዴን ይዤ ስቄያለሁ። እሳቸው ግን የዘነበ መስሏቸው ሰማዩን ነበር ያዩት።

ጋሽ ሙዘይን ወፍራም መነጽር የሚያደርጉ ሽማግሌ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። የዕጣውን ነገር ያመጡትም እሳቸው ናቸው። አንድ በጋ ላይ ሁለት አባላት፣ አንተ ሁልጊዜ ቅርቡንና ቀላሉን ቤት ትመርጣለህ፣ እኔ ሁልጊዜ ሩቁን፣ ተባብለው ክፉኛ ተጣሉ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ሙዘይን የደካሞቹን ስም በብጣሽ ወረቀት ላይ እየጻፉ፣ እየጠቀለሉ የወተት ጣሳ ውስጥ መጨመር ጀመሩ፤ ጣሳው ቅዳሜ ማታ እኛ ቤት ቡፌ ላይ ያድራል፣ እሁድ እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ያወጣል። የወጣውን ማሳየትም ሆነ መጠየቅ አይቻልም ነበር፣ ማወዳደር ከተጀመረ ጠቡ ይመለሳል ብለው «ዕጣ አይወራም» የሚል ደንብ አወጡ። ወረቀቱን ይገልጣሉ፣ ለራሳቸው ያነባሉ፣ ባልዲያቸውን አንስተው ይወጣሉ። ተመልሰው ሲመጡ ወረቀቱን ጣሳው ውስጥ ይጥሉታል።

በልግ ላይ ጭንቅላቴ ቅማል አፈራ። እናቴ ቁጭ ብላ የምትቀምልበት ጊዜ ስላልነበራት ወንዶች የሚስተካከሉበት ጸጉር ቤት ወስዳ በጸጉር መቁረጫ መኪና አስላጨችኝ። ትምህርት ቤት ወንድ ልጅ እያሉ ሲስቁብኝ እያለቀስኩ ገባሁ። እናቴም አቅፋኝ፣ እስከ እንቁጣጣሽ ያድግልሻል፣ ያን ጊዜ ከሰፈሩ ሁሉ የሚያምር ሹሩባ እሠራልሻለሁ ብላ ቃል ገባችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጧት ጧት ጸጉሬን በጣቴ እየለካሁ ክረምቱ እስኪወጣ ጠበቅሁ።

ክረምት የክበቡ የሥራ ወቅት ነበር። አንድ ዝናባማ እሁድ አባቴ ለቅሶ ሄዶ እኔን የሚይዘኝ ስለጠፋ እናቴ ይዛኝ ወጣች፣ ዕጣዋም እማማ ነፊሳ ነበሩ። እማማ ነፊሳ ከአንዋር ጀርባ፣ ከጨርቅ ሱቆቹ ኋላ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ እግራቸው አይሄድም፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ጸጉራቸው ግን ነጭ ሆኖ ወገባቸው ድረስ ይወርድ ነበር። ቤታቸው የደረሰው ሰው ጸጉራቸውን አጥቦ፣ አበጥሮ፣ ሠርቶ እስኪጨርስ ይመሻል። የዕጣ ጓደኛዋ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ እናቴ ዝቅ ያለ ዱካ ላይ ተቀምጣ በጉልበቷ መሀል አስገባቻቸውና ቅባት እየቀባች፣ በሚዶ እየከፈለች መሥራት ጀመረች። ያን ዕለት አንዴም ስትቸኩል አላየኋትም፤ እየሠራች ትስቃለች፣ እየሳቀች ታወራቸዋለች፣ ከአባቴ በፊት ሊያገባት ስለነበረ አንድ የወልቂጤ ሰው እንኳ ነገረቻቸው። ይህን ወሬ እኔ ልጇ ሰምቼው አላውቅም። እማማ ነፊሳ ከትራሳቸው ሥር ከረሜላ አውጥተው ሰጡኝ፣ አልፈልግም አልኳቸው። ጸጉሬን ዳሰስ አድርገው «ይቺም ደርሶላታል፣ ያምርባታል» ሲሉ ጭንቅላቴን ነጠቅኋቸው። እናቴ ትስቅ ኖሯል፣ ታወራ ኖሯል፣ ለኔ ነው የደከማት።

ጳጉሜን ገባች። ከእንቁጣጣሽ በፊት የቀረችው አንዲት እሁድ ነበረች፤ ሰኞና ማክሰኞ የበዓል ገበያ ስለሆነ እናቴን ከሱቋ የሚያወጣት ኃይል አልነበረም። እሁድ ጧት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ነጠላዋን እያጣፋች «ቅርብ ቤት ከደረሰኝ ቶሎ መጥቼ እሠራሻለሁ፤ እማማ ነፊሳ ከደረሱኝ ግን ያው ይመሻል፣ ከበዓሉ በኋላ ይሁንልሽ» አለችኝ። በሩ እንደተዘጋ ወንበር ላይ ቆሜ ጣሳውን አወረድኩ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገልጬ የእማማ ነፊሳን አገኘሁና አኝኬ ዋጥኩት። ቁጥሩ እንዳይጎድል ከሒሳብ ደብተሬ ብጣሽ ቀድጄ፣ የጋሽ ሙዘይንን እጅ እየኮረጅኩ፣ ጋሽ ተካ ብዬ ጻፍኩበት። ጋሽ ተካ ከአጥራችን ጀርባ የሚኖሩ ዓይነ ስውር ናቸው፣ ውሃ ከተቀዳላቸውና ሸሚዛቸው ከታጠበላቸው ሌላ ነገር አይፈልጉም። ያ ቤት ለእናቴ ይድረሳት ብዬ ተሳልኩ፤ ለማን እንደተሳልኩ ግን እንጃ።

ደረሳት። እናቴና ጓደኛዋ ጋሽ ተካ በር ላይ ሲደርሱ ሌላ ጥንድ ቀድሟቸው ደርሷል። አራቱም ወረቀታቸውን አሳይተው ሳቁ፣ ጋሽ ሙዘይን ዓይናቸው ደክሞ አንድ ስም ሁለት ጊዜ ጽፈዋል ተባባሉ፣ በግማሽ ሰዓት ሥራውን ጨረሱት። የማን ቤት እንደቀረ የጠየቀ የለም፤ ዕጣ አይወራማ። እናቴ ወደ ጋሽ ሙዘይን ሄዳ ልትጠይቅ አስባ እንደነበር ኋላ ለአባቴ ስትነግረው ሰምቻለሁ፣ ነገር ግን በግቢያችን በኩል ስታልፍ እኔን ሚዶ ይዤ በር ላይ ቆሜ አየችኝ። ገባች። እስኪመሽ ድረስ በጉልበቷ መሀል ተቀመጥኩ። እየሳቀች አወራችኝ፣ የወልቂጤውን ሰው እንኳ ጠይቄ አስደገምኳት። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እንቁጣጣሽ አልፎ፣ የመጀመሪያዋ የመስከረም እሁድ ወንበሮቹ እንደገና ተደረደሩ። እኔ የመስኮቱ መጋረጃ ኋላ ቆሜ ሹሩባዬን እየዳበስኩ አይ ነበር። ጸሎቱ እንዳለቀ ጋሽ ሙዘይን ተነሱ፤ የእማማ ነፊሳ ጎረቤት ስለሆኑ ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ለእሳቸው ነው። የእማማ ነፊሳ የወንድም ልጅ ሠርግ፣ ኒካሁ፣ ባለፈው ሐሙስ ነበር አሉ፤ እማማ ነፊሳ ዓመት ሙሉ ሲያወሩት የነበረ ኒካህ ነው። እሁድ የሚመጣው ሰው እንዳይጉላላ ብለው እንደልማዳቸው ከጧት ሹሩባቸውን ፈትተው ጠበቁ፣ ማንም አልመጣም። በሚንቀጠቀጥ እጃቸው መልሰው ሊሠሩት አልቻሉም። ጎረቤት ለመጥራትም አፈሩ። ሐሙስ ቤተሰቡ መኪና ሲልክላቸው አልሄድም ብለው መለሱት። ሻሽ አለልዎት አይደል ቢሏቸው «ሻሹማ ለሰው ነው፤ ከሥሩ ያለውን እኔ አውቀው የለ» አሉ።

ከዚያ አንዱ ጋሽ ተካ ቤት ሁለት ጥንድ መገናኘቱን አነሳ፣ ዓይን ሁሉ ወደ ጋሽ ሙዘይን ዞረ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር። «ዓይኔ ነው። ስማቸውን እንደጻፍኩ ይሰማኝ ነበር እኮ። ጸሐፊነቱን ለሌላ ስጡልኝ» አሉ። እናቴ ይህን ጊዜ ጣሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ ያለፈውን እሁድ ወረቀቶች እየገለጠች ነበር። አንዱ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። የጋሽ ሙዘይን ወረቀት ሁሉ ነጭ ነው፣ ያ ብቻ የሒሳብ ደብተር ካሬ አለው። ወደ መስኮቱ ቀና ብላ አየች፣ ወረቀቱን ጨብጣ ተነሳች።

«ጋሽ ሙዘይን አይደሉም፣ እኔ ነኝ» አለች። «አንድ ወረቀት ጠፍቶብኝ በእሱ ፈንታ ስጽፍ ስሙን ተሳሳትኩ።»

ቤት ያስቀረ ሰው ለአንድ ዓመት ከኃላፊነቱ ይነሳል የሚል ደንብ ነበራቸው፣ ያወጣችውም እሷ ራሷ ነበረች። ይቅር፣ ሰው ይሳሳታል ብለው ቢለምኗት እምቢ አለች፤ ማኅተሙን ከቡፌው አምጥታ ለአስተማሪው አስረከበች። ጋሽ ሙዘይን መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ትክ ብለው ያዩዋት ነበር። ከዚያ ወደ ቤት ገባችና መጋረጃውን ገለጠችው። ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ዛሬ ለማን ብዬ እንደዋሸሁ ታውቂያለሽ?»

በጭንቅላቴ አዎ አልኳት። እጄን ይዛ እማማ ነፊሳ ጋ ወሰደችኝ። እዚያም ጥፋቱን በራሷ አድርጋ እግራቸው ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠየቀቻቸው፣ እሳቸውም ተነሺ፣ ተነሺ እያሉ አነሷት። ጸጉራቸው ሻሹ ውስጥ ተቋጥሮ ነበር፤ ሲፈታ ሳምንት ሙሉ ሳይበጠር ተጠላልፎ አየሁት። እናቴ ስታጥባቸው እኔ ውሃ አፈሰስኩ። እማማ ነፊሳ ወደኔ ዞር ብለው ሹሩባዬን አዩና «እናትሽ ናት የሠራችሽ? እጇ ያስታውቃል» አሉኝ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይህን ሁሉ ተናግሬ አንዱን ብደብቅ ግን እኔም ዋሸሁ ማለት ነው፤ ከሀፍረቴ ሥር ደስታም ነበረ። ውሸት የማታውቀው እናቴ ክበቡ ሁሉ ፊት ለኔ ስትል ዋሽታለች፤ ለእማማ ነፊሳ ይህን አላደረገችላቸውም።

እናቴ ዓመቱ ሲያልፍ ሊቀመንበርነቱን መልሳ አልወሰደችም፤ እስኪደክማት ድረስ ግን ባልዲዋን ይዛ ዕጣዋን እያወጣች ኖረች። እኔም ከዚያ በኋላ ጣሳውን ነክቼ አላውቅም። ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። ለቅሶዋ ላይ ድንኳኑን የማላውቃቸው ሴቶች ሞልተውት ነበር። አንዷ አጠገቤ ተቀምጣ፣ እናቷ በታመመች ጊዜ የኔ እናት ስንት እሁድ እየመጣች ራሷን እንዳጠበቻት፣ ምን ብላ እንዳሳቀቻት እያነሳች አምርራ አለቀሰች፤ እኔ ስንቱን ወሬ ያን ቀን ገና መስማቴ ነበር። አዎ፣ እዚያ ድንኳን ውስጥም ቀናሁ።

ዛሬ ከመርካቶ ርቄ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። እሁድ በሬን የሚያንኳኳ የለም፤ ፊት ለፊቴ ካለው በር ጀርባ ማን እንደሚኖር ስሙን አላውቅም። ልጄ ያኔ እኔ የነበርኩበት ዕድሜ ላይ ደርሳለች። እኔ ያጣሁትን እሷ አታጣም ብዬ ምዬ ስለነበር እሁዴ ሁሉ የሷ ነው፤ ቁጭ ብዬ፣ ሳልቸኩል ጸጉሯን እሠራታለሁ፣ የጠየቀችኝን ሁሉ አወራታለሁ። ልጄ በእኔ የተነሳ በማንም ቀንታ አታውቅም፤ ከእሷ ሌላ የሚፈልገኝ ሰው የለማ።