የተኛ ልጅ አይቀሰቀስም

መጻፍ እንደምችል ካወቅሁ ወዲህ ደስታዬ ልክ የለውም፤ ያየሁትን ሁሉ እጽፋለሁ። ስለ ወንድሜ ስጽፍ ግን እጄ ይዘገያል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቡታጅራ ያለው ቤታችን የመጣች ዕለት ወንድሜ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። እናቴ አዝላው በርበሬ ትቀነጥሳለች። ሴትየዋ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና የትንንሽ ልጆችን እድገት ቤት ለቤት እያየች እንደሆነ ነገረችን።

«ስሙን ስትጠሪው ይዞራል?»

«አልሀምዱሊላህ።»

«እማ፣ አባ ይላል?»

«አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ነው።»

«እሱስ ይመስገን እህቴ፤ ግን ይላል ወይ?»

እናቴ ሳቀች። «አባቱም እኔን እስኪያገባ አፉን አልፈታም ነበር። ዛሬ ማን ያስቁመው!»

ሦስታችንም ሳቅን። እኛ ሰፈር ስለ ልጅ ሲጠየቅ ይመሰገናል እንጂ በእንግዳ ፊት ጉድለቱ አይቆጠርም። ሴትየዋ «እስኪ አውርጂውና ልየው» ስትል፣ እናቴ ቂጡን መታ መታ እያደረገች «አሁን ገና ነው የተኛው። የተኛ ልጅ አይቀሰቀስም» አለቻት። ሌላ ቀን ተመልሳ ስትመጣ እኛ ገበያ ነበርን።

በዓመቱ፣ በርበሬያችን መንገድ ዳር ሸራ ላይ ተሰጥቶ ሳለ፣ አንድ ባጃጅ ክላክስ እያደረገ መጣ። ሁላችንም ዘለልን። ወንድሜ ጀርባውን ሰጥቶ ቁጭ እንዳለ ነው። ባጃጁ አጠገቡ ሲጢጥ ብሎ ቆመ።

«የማነው ይሄ? ደንቆሮ ነው እንዴ?» አለ ሾፌሩ።

እናቴ ልትሰድበው አፏን ከፈተች። አልሰደበችውም። ቀስ ብላ ከወንድሜ ኋላ ሄደችና በስሙ ጠራችው። ደገመች። አጨበጨበች። እሱ በርበሬውን በመስመር ይደረድራል።

ሆስፒታል ሐኪሙ ብዙ ከመረመረው በኋላ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደማይሰማ ነገረን። «ቀደም ብላችሁ ብታመጡት ለንግግሩ ብዙ ይረዳው ነበር» አለ። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ እናቴ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ጠይቃኝ ነበር እኮ» አለች።

አሁን የጻፍኩትን ጮክ ብዬ ሳነብ ወንድሜ መዳፉን ጉሮሮዬ ላይ ያደርጋል። ሲንቀጠቀጥበት ይስቃል። አንድም ቃል አይደርሰውም፤ እኔ ግን ለሱ ብዬ አንድ መስመር አልዘልም።

ባለፈው ሰሞን ሴትየዋን ገበያ መግቢያ ላይ አገኘናት።

«ልጁስ፣ ደህና ነው?»

«አልሀምዱሊላህ» አለች እናቴ እንደ ልማዷ። ከዚያ የሻርፗን ጫፍ በአፏ ያዘች። ለቀቀችውና «አይሰማም» አለች።

ሴትየዋ ክንዷን ይዛ፣ ነገ መጥታ እንደምታየውና የት እንደሚወሰድ አብረው እንደሚያስቡ ነገረቻት።

«ነይ» አለች እናቴ። «ቢተኛም እቀሰቅሰዋለሁ።»