ያልሞተብኝ ሰው

ፖሊሶች የያዙኝ ሦስተኛውን ኬሞ፣ የካንሰር መድኃኒቱን፣ ወስጄ ከጎንደር ስመለስ፣ ዳባት ኬላ ላይ ነው። ስልኬ ላይ ያገኙት አንድ ጽሑፍ ነበር ምክንያቱ። ደባርቅ ወስደው ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳው ገለባ ገለባ ይሸታል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ቆርቆሮው ይንኳኳል። አምስት ሴቶች ነበሩበት።

ሻሼ ሲንሸራተት መላጣ ራሴን አዩት። አንድ በአንድ ተነሥተው መጡ።

«እግዜር ያጥናሽ።»

በእኛ አገር ሴት ራሷን የምትላጨው የቅርብ ሰው ሲሞትባት ነው። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። «አሜን» አልሁ። በቃ፣ ሐዘንተኛ ሆንሁ።

በሦስተኛው ቀን መድኃኒቱ እንደ ልማዱ ጠባዬን ገለበጠው። ቀትር ላይ አንዲት እናት በሶ በጥብጠው አቀረቡልኝ፤ ልጅሽን አምጪ ተብለው ከበየዳ ተይዘው የመጡ ናቸው። ጣሳውን በእጄ መታሁት።

«ተዉኝ አላልሁም?» ብዬ ጮህሁ። ድምፁ የእኔ አልመሰለኝም። በሶው ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ።

«ሐዘን ነው፤ ተዋት» አለች አንዷ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ፖሊሱ በየጠዋቱ ስም ከጠራ በኋላ «የታመመ አለ?» ይላል። የአራተኛው ኬሞ ቀጠሮ እየቀረበ ነበር። ብናገር ሴቶቹ መዋሸቴን ያውቃሉ። ዝም እላለሁ።

ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ እኒያ እናት አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«ሟቹ ማን ነው? አባትሽ ነው? ስሙን ሳላውቅ እንዴት ብዬ ላልቅስለት?»

«ማንም አልሞተብኝም እማማ። ካንሰር ነው። ፀጉሬን ያረገፈው መድኃኒቱ ነው። የጮህሁብዎትም...»



«አንቺ ልጅ፣ ለሌለ ሬሳ ነው ሁለት ሳምንት ያስለቀስሽኝ?»

በሩ ሥር የተቀመጠች አንዲት ሴት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስሁ።

«ይህም መድኃኒቱ ነው?»

«አላውቅም።»

«ጩኸቱስ ስንት ቀን ይቆያል?»

«ሳምንት ያህል። ቀጣዩን ስወስድም እንደዚያው ነኝ። ባልሄድ ይሻላል።»

«በሽታውስ?»

ሻሼን ወደ ግንባሬ ሳብሁት።

«ስሚ ልጄ። ልቅሶ ቤት ሐዘንተኛዋ ስትጮህ ዝም በይ የሚላት የለም፤ ብቻዋንም አንተዋትም። ላንቺም እንደዚያው እናደርጋለን። ብቻ ሲከፋሽ ቀድመሽ ተናገሪ፤ ጣሳውን ራቅ እናደርጋለን።»

በማግሥቱ ፖሊሱ ጠየቀ። እሳቸው አዩኝ እንጂ አልተናገሩልኝም። ተነሣሁ።

«እኔ ታምሜአለሁ። ካንሰር ነው። ሐሙስ ጎንደር ሕክምና አለኝ፤ መቅረት የለብኝም።»

«ጮክ በይ።»

ደገምሁለት። ጻፈው።

ሐሙስ ሁለት ፖሊሶች ወሰዱኝ፤ መለሱኝም። ከተመለስሁ በሦስተኛው ቀን ጠዋት «ዛሬ ከፍቶኛል» አልሁ። አንዷ ጣሳውን ራቅ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች።

ዛሬ ከእስሩም ከሕክምናውም ወጥቻለሁ። መጀመሪያ የተፈታሁት እኔ ስለ ሆንሁ የእሳቸውን መጨረሻ አላየሁም። አሁንም ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። ገበያ ላይ ከበየዳ የመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር ግን፣ ባላውቀውም፣ ጠጋ ብዬ ስለ እሳቸው እጠይቃለሁ። ካልሰማኝም ጮክ ብዬ እደግመዋለሁ።