አያቴ የመረጡት ፊልም

ይህ ትዝታ ለመጻፍ የሚበቃ መሆኑን እንጃ። ትናንት ዶርም ውስጥ ልጆቹ ላፕቶፕ ከበው «የትኛውን ፊልም እንይ ትያለሽ?» ሲሉኝ ግን አያቴ ትዝ አሉኝ።

አያቴ በመተማ፣ ሸሕዲ ከተማ ላይ ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ከደጋ የመጡ አጫጆች ይሞሉታል። አያቴ ፊልም ይመርጡላቸዋል፤ ሕንድኛ ሳያውቁም ከተዋናዮቹ ፊት እያነበቡ ይተረጉሙላቸዋል። አንድ ቀን ይበልጣል የሚባል የጎጃም ወጣት፣ «አባባ፣ የሚያስቅ ይሁን» አላቸው።

«አገርህ ከገባህ ቆየህ?»

«ሦስት ክረምት አለፈኝ።»

«እንግዲያው ልጇን የምትጠብቀውን እናት እይ።»

«አባባ፣ አጫጅ ሊያስኮበልሉ ነው!» ብለው ጓደኞቹ ሳቁ።

በፊልሙ እናቲቱ ደጃፍ ላይ ስትቀመጥ አያቴ መተርጎማቸውን አቆሙ። «ይኼማ ትርጉም አይፈልግም።» ይበልጣል ፊቱን በሻርፑ ሸፈነ።

በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ይበልጣል አጫጆችን በሚጭነው ትራክተርና በጎንደር አውቶቡስ መካከል ሻንጣውን ይዞ ቆሞ ነበር። በየትኛው እንደተሳፈረ አላየሁም።

ለዶርም ልጆች ያንኑ ፊልም መረጥኩላቸው። የይበልጣልን ነገር ግን ዛሬም አላውቅም። አያቴ ከጎጃም የመጣውን አጫጅ ሁሉ «ቤቱ ገብቶ ይሆን?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። መጠየቅ ያቆሙት ቪዲዮ ቤቱን ለመጨረሻ ጊዜ በዘጉበት ዕለት፣ በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነው።