ያየ ይናገር

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አያታችን ወሬ እንዲሁ አይቀበሉም ነበር። ጎረቤት «ማዶ በረዶ ገብሱን አወደመው» ቢላቸው እንኳ «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ይሉታል። እንዴት ያናድዱን ነበር!

በመንደራችን ሰው ተገድሎ ሲገኝ፣ ገዳዩን ለማውጣት አገሩ ሁሉ ለአውጫጭኝ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው «ያየ ይናገር» ማለት ሲገባው «የጠረጠረም ይናገር» አለ። ታናሽ ወንድሜን ጠረጠሩት። ያ ጥርጣሬ ፍርድ ቤት ሲደርስ ምስክርነት ሆኖ አስፈረደበት።

አያታችን በየገበያው ቀን ከጋፋት ደብረ ታቦር እየወጡ የወንድሜ ጠበቃ ደጅ ይቀመጡ ነበር። «ይግባኙ ላይ ሌላ አታብዛ ልጄ፤ አይተዋል ወይስ ሰምተዋል በልልኝ» ይሉታል። ሳይወሰን ኅዳር ላይ አረፉ። ለእስረኛ መርዶ አይነገርም ብለን ከወንድሜ ደበቅን።

ባለፈው ሳምንት የይግባኙ ዳኞች «ሲገድል ያየ ምስክር የለም» ብለው በነፃ አሰናበቱት። ቤት እንደገባ ዓይኑ የአያታችን ባዶ መደብ ላይ አረፈ።

«አባባስ?» አለኝ።

«ካረፉ ቆዩ።»

ትክ ብሎ አየኝ። «አይተሻል ወይስ ሰምተሻል?»

«ዓይናቸውን የከደንኩት እኔ ነኝ» አልኩት።