ፊሎሜን ብዕሮቹን የፈተነችበት ቀን

ፊሎሜን ቢዲያስ በሰባት ዓመቷ ዓሣ በሚደርቅበት እሳት ላይ ወደቀች። በምባም ወንዝ ዳር የሚጥል በሽታ እንግዳ አይደለም። የታማሚው የአፍ አረፋ ይጋባል ስለሚባል ግን ማንም በእጁ ሊነካት አልደፈረም። አክስቷ ቀሚሷን በመኮትኮቻ ጠልፋ ጎትታ አወጣቻት። ነፍሷ ተረፈ፤ የግራ እጇ ሁለት ጣቶች ግን ተጣብቀው ቀሩ። ከዚያ ወዲያ ለብቻዋ በተለየ ጣባ ትበላ ነበር። በአሥራ አራት ዓመቷ በሽታው እንደ አመጣጡ ሄደ።

አድጋ ባፊያ ከተማ ገባችና ሹሩባ ሠሪ ሆነች። ደንበኞቿ ስለ እጇ ሲጠይቋት፣ «የፈላ ዘይት ነው» ትላለች። ሰው አታምንም። ከሚዶው የወጣውን ፀጉር ጠቅልላ ለባለቤቱ ትመልሳለች፤ የራሷን ታቃጥላለች። ማን በፀጉር ምን እንደሚሠራ አይታወቅማ!

አንድ ቀን የልጇ መምህር፣ «ልጅሽ ኦርታንስ ክፍል ውስጥ ፈዝዛ ትቀራለች፤ ስጠራት አትሰማኝም። ጤና ጣቢያ ወስደሽ አስመርምሪያት» አላት። ፊሎሜን ክፉኛ ጠረጠረችው። «ልጄ ላይ ስም ሊለጥፍ ነው» አለች በሆዷ። ስም ከተለጠፈ የተለየው ጣባ እንደሚከተል ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጇን ይዛ ጤና ጣቢያ የሄደችው የመምህሩን ውሸት ልታጋልጥ ነው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ከዱዋላ የመጣ ዲኮንጌ የሚባል ባለሙያ፣ ብዙ ሽቦና ብዙ ብዕር ካለው መሣሪያ አጠገብ ተቀምጧል።

«ይሄ ነገር ሐሳብ ይሰርቃል አሉ» አለችው።

«ማማ፣ ሐሳብ ቢሰርቅማ መጀመሪያ ሚስቴ ላይ ነበር የምገጥመው።»

አልሳቀችም። እሱም ቁም ነገሩን ነገራት። አንጎል ዝም ብሎ አያውቅም። ዓይን ሲጨፈን ከኋላ ያለው ክፍል እንደ ጀልባ ቀዛፊዎች አብሮ ይቀዝፋል፤ ብዕሮቹም ወረቀቱ ላይ ማዕበል ይስላሉ። ዓይን ሲገለጥ እያንዳንዱ ቀዛፊ ወደየሥራው ይበተናል፤ ማዕበሉ ይጠፋል።

«አንተ ብዕሮቹን በእግርህ ከሥር እንደማታወዛውዛቸው በምን አውቃለሁ?»

«በምን ላሳይዎት?»

«መጀመሪያ እኔ ላይ ግጠመው። ከዚያ በሩ ላይ ቁም። ፊትህን ወደ ውጭ፣ እጅህን ወደ ኋላ።»

«ሊያስሩኝ ነው እንዴ?»

«ካስፈለገ።»

ሽቦዎቹ የፊሎሜን ራስ ላይ ተገጠሙ። ዲኮንጌ እየሳቀ በሩ ላይ ቆመ። ፊሎሜን ዓይኗን ማንም እንዳያይ ፊቷን በስስ ሻሽ ሸፈነች።

«ኦርታንስ፣ ብዕሮቹን ብቻ እይ። ማዕበል ሲስሉ ‹ማዕበል›፣ ሲተዉ ‹ሜዳ› በይ።»

ጨፈነች። «ማዕበል» አለች ልጅቷ። ገለጠች። «ሜዳ።» ረዘም አድርጋ ጨፈነች፤ በድንገት ገለጠች፤ ልጅቷ አልሳተችም። እንደ ጨፈነች አንድ የሚያስቸግር ሹሩባ በሐሳቧ መሥራት፣ መስመሮቹን መቁጠር ጀመረች። «ሜዳ!» አለች ኦርታንስ። ፊሎሜን ተገረመች። እንግዲህ መሣሪያው ሥራ መያዟን እንጂ ምን እንደምትሠራ አያውቅም ማለት ነው።

ልቧ ትንሽ አረፈ። ሐሳቧን ለቀቀች። «ማዕበል።» ገለጠች። ድምፅ የለም። ጨፈነች፤ ገለጠች። ድምፅ የለም።

«ማማ፣ ልዙር?» አለ ዲኮንጌ።

«እንዳትንቀሳቀስ!»

ሻሿን ገለበች። ኦርታንስ ጣቷን ወደ ወረቀቱ እንደ ቀሰረች ቆማለች፤ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ነው፤ የዓይኗ ቆብ ይርገበገባል። ብዕሮቹ ሥራቸውን አላቋረጡም። ቆየችና፣ «ሜዳ» አለች፣ ምንም እንዳልሆነ።

«ለምን ዝም አልሽ?»

«መቼ ዝም አልኩ?»

ፊሎሜን ቤት ውስጥ የባሚያ ወጥ የሚሠራበት ጊዜ ታወሳት። ልጅቷ ጨው እንደ ጨበጠች ድስቱ ላይ ቆማ ስትቀር፣ «ደግሞ ልትንቂኝ ነው!» እያለች በሚዶ ትኮረኩማት ነበር። መሣሪያውን ጠርጥራ፣ መምህሩን ጠርጥራ፣ የራሷን ዓይን ሳትጠረጥር ኖራለች።

አሁን ተራው የኦርታንስ ሆነ፤ ዲኮንጌ ከበሩ ተመልሶ የልጅቷን ሹሩባ ሊፈታ እጁን ሲዘረጋ ፊሎሜን ከለከለችው። ራሷ እየፈታች ለእያንዳንዱ ሽቦ መስመር አወጣች። እሱ እጇን አየ።

«ዘይት ነው?»

የያዘችውን ሹሩባ ፈትታ ጨረሰች። ከዚያ፣ «እሳት ነው። በሽታው ጥሎኝ ነው» አለችው። በሕይወቷ ለሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር።

ሽቦዎቹ ከተገጠሙላት በኋላ ኦርታንስ ፍዘዛው እንዲመጣ በኃይል እንድትተነፍስ ተነገራት። ወዲያው ብዕሮቹ ሁሉ ባንዴ ወደ ላይ ወደ ታች ይመቱ ጀመር። «ቀዛፊዎቹ ሁሉ እኩል ይመታሉ፤ ጀልባዋ ግን አትሄድም» አለ ዲኮንጌ ቀስ ብሎ። «የዚያው የእርስዎ በሽታ ዓይነት ነው፤ ሳይጥል ያፈዝዛል። ሐኪሙ መድኃኒት ያዝላታል፤ መድኃኒት አለው።»

ፊሎሜን ዛሬ አርጅታለች። ስለዚያ ቀን ሲጠይቋት እንዲህ ትላለች፦

«መሣሪያው አልዋሸም። ሰውየውን ግን አሁንም ሙሉ በሙሉ አላምነውም፤ ሳቅ ያበዛል። ዋናው እሱ አይደለም። የዚያን ቀን ራት ገንፎውን ለሁለታችን በአንድ ሣህን አቀረብኩ፣ ደጃፍ ላይ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ። መሐል ላይ ኦርታንስ ፈዘዘች። በዚህ በተቃጠለው እጄ እጇን ያዝኳት፤ እስክትመለስ አልለቀቅኳትም። እኔን እኮ ከእሳት ያወጣኝ መኮትኮቻ ነው።»